ሐኪሙ በማን ሚዛን?

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችንና የሥራ ሁኔታችን ይስተካከል ብለው ሥራ ሲያቆሙ የአደባባዩ ወሬ ስለ ብር ብቻ ሆነ። ሐኪሞች እርስ በርስ ሲጫወቱ ግን ሌላም ቅሬታ ይሰማል፤ ሥራችንን የሚመዝነው ሰው ሥራችንን አያውቀውም የሚል። አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ከወጣ በኋላ ይህን ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል።

በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ሐኪም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በየስድስት ወሩ ኢፊሸንሲ (የሥራ አፈጻጸም ምዘና) ይሞላለታል። ዕቅድ፣ ክብደት፣ ነጥብ። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምናልባት ይበጅ ይሆናል። ለሐኪም ሲሆን ግን ለመቁጠር የሚቀናው ብቻ ይቆጠራል፦ ስንት ታካሚ አየ፣ ካርዱን በወጉ ጻፈ ወይ፣ ከስብሰባ ቀረ ወይ። ሳይቆረጥ የዳነ እግር፣ በትዕግሥት ተጠብቃ ያለ ኦፕራሲዮን የተገላገለች እናት የት ይጻፉ? ብዙ ጊዜ ሁሉም ተቀራራቢ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ዝቅ የሚለው ከአለቃው ጋር የተኳረፈው ነው ይባላል። የትምህርት ዕድልና የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ደግሞ ያቺው ነጥብ ትፈለጋለች።

መዛኙም እንደየሆስፒታሉ ይለያያል። የወለጋዋ ነቀምት ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። የነቀምት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተጠሪነቱ ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ ነው፤ ሌላው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዩኒቨርሲቲው ሐኪሙ መምህርም ስለሆነ ተማሪም፣ ባልደረባም፣ የክፍል ኃላፊም ይመዝኑታል፤ ተማሪ መምህሩን ሲመዝን የሚሆነውን መምህራን ራሳቸው ብዙ ብለውበታል። እንደ ጊምቢ አድቬንቲስትና አይራ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታሎች የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው።

እኔን የሚስበኝ ከኢፊሸንሲው ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ነው። በጤና ተቋም አንዲት እናት ስትሞት ኮሚቴ ይቀመጣል፤ የሟችም የሐኪምም ስም አይጠራም፣ ማንም አይወቀስም። የሚጠየቀው ሦስቱ መዘግየቶች የት ላይ ደረሱ ነው፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ወይስ ከተቋሙ ከደረሱ በኋላ። ከዲጋ ጤና ጣቢያ ወላድ ደም እየፈሰሳት ሪፈር ተጽፎላት ነቀምት ስትገባ ሌሊት ሆነ እንበል። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ነበር፤ ወለጋ በግጭት በታመሰችባቸው ዓመታት ደግሞ መንገዱ ራሱ የሚተማመኑበት አልነበረም። ዲዩቲ ላይ ያለው ጠቅላላ ሐኪም (ጂፒ) ማሕፀኗን ያሻል፣ ኦክሲቶሲን ይሰጣል፣ ደም ያዛል፤ የእሷ ዓይነት ደም ግን የለም። በኮሚቴው ፊት ይህ ሁሉ በየተራው ይነሳል። በኢፊሸንሲው ቅጽ ላይ አምቡላንስም ደም ባንክም የሉም፤ ያለው ጂፒው ነው።

ታዲያ ሐኪሙ በኮሚቴው ፊት የሆነውን ሁሉ ይናገራል? ብዙው አይናገርም፤ እኔም አልፈርድበትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው በምሳሌ ሲጠቅስ ሐኪሙንና አሽከርካሪውን ባንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ ነው። የሙያ ጥፋትን የሚያየው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ ደንብ ቁጥር 299/2006 ሥራውን ዘርዝሮታል። በብዛት የሚከሰሱት የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አብዛኞቹ ጥፋት አልተገኘባቸውም ተብለው ይዘጋሉ። ነገር ግን ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሙያ አስተያየት ሳይመጣ ሐኪሙ ጣቢያ ሊያድር ይችላል። ይህን እያሰበ በእናቶች ሞት ኮሚቴ ፊት የተቀመጠ ሰው ቃሉን ይመርጣል።

የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ግን ስለ ራሱ ስህተት ጨክኖ ተናግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 በግል ሆስፒታሉ ያከማቸውን የ337 ታካሚዎች ውጤት ሲያሳትም 123 ስህተቶችን አብሮ አወጣ። ደፋርነቱ ይደነቃል፤ እኔ ግን የበለጠ የምወድለት አመዳደቡን ነው። የዕውቀት ጉድለትን ከፍርድ ጉድለት፣ እነዚህን ከእንክብካቤና ከመሣሪያ ጉድለት ለየ፤ ማንም የማያሸንፈውን በሽታ ደግሞ ለብቻው አስቀመጠ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን አልወደዱለትም።

የኛ ቅጽ እንዲህ ያለ መለያ ቢኖረው ጂፒው ደም ባለመኖሩ አይጠየቅም ነበር፤ ደም ቀድሞ ካላዘዘ ግን ይጠየቅ ነበር። መዛኙም የሙያ ባልደረባ መሆን አለበት። ነቀምት ላይ ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የአንዱ ሆስፒታል ሐኪሞች የሌላውን ካርድ ስም ተሸፍኖ ቢያነቡት ይበቃል። በትንሽ ከተማ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው፣ የሐኪም ጽሑፍ እንኳ ቢሆን። ቢሆንም የአንዱ ሆስፒታል አለቃ የሌላውን ሐኪም የትምህርት ዕድል የሚወስንበት ሥልጣን የለውም።