ተመልሶ የሚገጠም ጋስኬት፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ጭስ ማውጫው አካባቢ የሚያፏጭ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ይዞ ሰበታ፣ ቡራዩ አለዚያም ሱሉልታ ከሚገኝ ጋራዥ የሚገባ ባለንብረት፣ ማኒፎልዱ ከወለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አሮጌው ጋስኬት ተጠርጎ ይመለስ ወይስ አዲስ ይገዛ? ጥያቄው የሚቀርበው መኪናው ተፈቶ፣ ሾፌሩ ቆሞ፣ ቀኑም እኩል ከሆነ በኋላ ስለሆነ መልሱ ብዙውን ጊዜ “ይመለስ” ይሆናል። የአንዲት ስስ ዕቃ ጉዳይ ቢመስልም ውሳኔው የሥራ ቀንን፣ የነዳጅ ፍጆታንና የተሳፋሪን ጤና የሚነካ ነው።

በጋራዥ ቋንቋ ጋስኬት ወይም ጓርኒሲዮን የሚባለው ይህ ዕቃ፣ ከሞተሩ የሚወጣውን የጋለ ጭስ በሚሰበስበው ማኒፎልድና በቴስታታው መካከል ይቀመጣል። ወረድ ሲባል ማኒፎልዱ ከቧንቧው፣ ቧንቧውም ከማርሚታው በሚገናኝበት ሥፍራ ሌሎች አሉ። ሥራው ሁለት የብረት ገጾች ብቻቸውን ሊዘጉት የማይችሉትን ጥቃቅን ክፍተት መድፈን ነው።

ጉዳዩ የገበያ ጉዳይ የሆነው ግን በሌላ ምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀደም ሲልም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ካናረ በኋላ፣ በእጅ ያለውን መኪና እየጠገኑ ማቆየት ለብዙዎች ብቸኛው አማራጭ ሆኗል። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ 5 ዶላር የሚያወጣ ጋስኬት ቢኖር፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት ቀድሞ 285 ብር ይሆን የነበረው ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 600 ብር ይሆናል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚያ በፊትም ዶላር ከትይዩ ገበያ ይገዛ የነበረ አስመጪ የመደርደሪያ ዋጋውን አስቀድሞ አስተካክሎ ስለነበር፣ ገዢው የተሰማው ጭማሪ የባንኩን ያህል አይደለም። ይሁን እንጂ “አሮጌው ይሠራል” የሚለው ሐሳብ ተሰሚነት እንዲያገኝ በቂ ነበር።

የመርካቶ መንገድ

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋራዦች የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆን፣ የመለዋወጫ ምርጫው ያለው ግን መርካቶ፣ በተለይም ሶማሌ ተራ ነው። ሰበታ ላይ የተፈታ መኪና ጋስኬት ቢያስፈልገው ዕቃውን ለማምጣት ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። የትራንስፖርቱ ሒሳብና የባከነው ግማሽ ቀን ሲደመር ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጋስኬት መርካቶ አጠገብ ካለ ጋራዥ ይልቅ ሱሉልታ ላለ ጋራዥ ይወደዳል፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ግን እኩል ነው። አሮጌውን የመመለስ ልማድ ከከተማው ዳር የሚበረታው መካኒኩ ስለሰነፈ አይደለም፤ ርቀቱ ስለሚያስገድደው ነው።

አንድ ነገር ይጨመርበት። ነጋዴው በብዛት የሚያስመጣው ሙሉውን የሞተር ጋስኬት ሴት ሲሆን፣ ደንበኛው የሚፈልገው ከሴቱ ውስጥ አንዷን ብቻ ነው። ሴቱ አንዴ ከተፈታ ቀሪው በቀላሉ ስለማይሸጥ፣ ነጋዴው ነጠላዋን አስወድዶ ይሸጣታል፤ አለዚያም የለም ይላል።

የትኛው ይመለሳል?

ጋስኬት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቃጫና ከግራፋይት የሚሠራው፣ አንዳንዱም በስስ ላሜራ የተለበጠው፣ የሚያገለግለው አንዴ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የሁለቱን ገጾች ቅርጽ ይይዛል፤ በሙቀት ብዛትም ይደርቃል። ሲወልቅ ግማሹ ከቴስታታው፣ ግማሹ ከማኒፎልዱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህን መልሶ መግጠም የተቀደደ ፖስታ እንደማሸግ ነው።

ከተደራረቡ ስስ ብረቶች የሚሠራው ብዙ ሰው ያታልላል። ሲወልቅ ሙሉ ነው፣ አልተቀደደም፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲጠረግ ያበራል። የሚዘጋው ግን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ባለው ጎላ ያለ ጠርዝ አማካይነት ነው፤ ያ ጠርዝ ደግሞ አንዴ ከተጨፈለቀ እንደ ስፕሪንግ አይመለስም። ቶዮታ በጥገና መጻሕፍቱ ተመልሰው የማይገጠሙ ዕቃዎችን በጥቁር አልማዝ ቅርጽ ምልክት ይለያል፤ የጭስ ማውጫ ጋስኬቶችም ምልክቱ ከሚደረግባቸው ዕቃዎች መካከል ናቸው።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ቧንቧው ከማኒፎልዱ በሚገናኝበት ቦታ የሚገባው ወፍራም ቀለበት ካልተሰነጠቀና ካልተበላ፣ መለወጡ የሚመረጥ ቢሆንም፣ ለጊዜው ተመልሶ ሊያደርስ ይችላል። ከመዳብ የተሠራ ጋስኬት ደግሞ በእሳት እስኪቀላ ግሎ ውኃ ውስጥ ቢነከር ስለሚለሰልስ እንደገና ይጨፈለቃል፤ ይህ በትክክል የሚሠራ የቆየ ዘዴ ነው። ከሁለቱ ውጭ ያለው “ይመለሳል” ዕድልን መሞከር ነው።

በአሮጌው ላይ ሲሊኮን ቀብቶ መግጠም የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም ሒሳቡ አይገጥምም። ሙቀት ይችላል የሚባለው ሲሊኮን በአብዛኛው እስከ 300 ወይም 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ነው የሚቋቋመው። ዳገት በሚወጣ ሞተር ማኒፎልድ ውስጥ የሚያልፈው ጭስ ግን 600 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሲሊኮኑ ጥቂት ቀን ድምፁን አፍኖ ይቃጠላል። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ የተፈረፈረው ሲሊኮን ወደ ቱርቦው ሊገባ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የጋስኬት ወሬ ይቀራል።

ስድስት አንድ

እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የጋስኬቱ ዋጋ 600 ብር፣ የእጅ ዋጋው 1,500 ብር፣ መኪናው ለአንድ ቀን ሲቆም የሚያጣው 1,500 ብር ነው እንበል። አሮጌውን የመለሰ ሰው ለጊዜው 600 ብር ያተርፋል። ጋስኬቱ ካፈሰሰ ግን ጋስኬቱን ራሱን ገዝቶ፣ የእጅ ዋጋ ዳግመኛ ከፍሎ፣ ሌላ ቀን ቆሞ 3,600 ብር ያወጣል። ይህም ማለት አሮጌ ከሚመለስባቸው ስድስት መኪኖች ከአንድ በላይ የሚያፈስ ከሆነ ቁጠባው ኪሣራ ነው። በመዳብ ጋስኬት ይህን ዕድል መውሰድ ይቻል ይሆናል። በቃጫው ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ትልቅ ወጪም አለ። ለዓመታት የጋለና የዛገ ብሎን በተፈታ ቁጥር የመሰበር ዕድል አለው። ቴስታታው ውስጥ የቀረን ስባሪ ማውጣት የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፤ አንዳንዴም ቴስታታውን ማውረድ ይጠይቃል። በሚያፈስ ጋስኬት የሚወጣው የጋለ ጭስም የብረቱን ገጽ እየበላ ስለሚሄድ፣ የቆየ እንደሆነ ማኒፎልዱ ሬክቲፊካ ካልገባ አዲሱም ጋስኬት አይይዝም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን ይመለሳል? ኪሣራው የሚደርሰው በወሳኙ ላይ ስላልሆነ ነው። መካኒኩ መኪናው ቢመለስ እንደገና የእጅ ዋጋ ይቀበላል። ለባለንብረቱ በቀን ቁርጥ ገቢ የሚያስገባው ሾፌር ዛሬውኑ መውጣትን ይመርጣል። ባለንብረቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቦታው የለም፤ በስልክ የሚነገረው “ተሠርቷል” የሚል ብቻ ነው። ጋራዡ ለሥራው የአንድ ወር ዋስትና እንዲሰጥ ቢጠየቅ፣ ሁለተኛው የእጅ ዋጋ በራሱ ላይ ስለሚወድቅ፣ ምክሩ በዚያው ቅጽበት ይለወጣል።

ጋቢና የተቀመጠው

በነዳጅ በኩል ያለው ጉዳት እንደ ሞተሩ ይለያያል። የኦክስጂን ሴንሰር ባለው የቤንዚን መኪና፣ ለምሳሌ በቪትዝ፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ የውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩም ነዳጁ አንሷል ብሎ ስለሚያስብ ተጨማሪ ይረጫል። የቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ በሊትር 100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ግፊት ስለሚያጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ሳስቶ ሳለ፣ በሱሉልታ ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ አይሱዙ ይህንን ፈጥኖ ያሳያል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሃይሩፍ ግን በነዳጅ በኩል እምብዛም አይጎዳም። የእርሱ ችግር ሌላ ነው።

በአሮጌው ሃይሩፍ ሞተሩ ያለው ከሾፌሩና ከጋቢና ተሳፋሪዎች መቀመጫ ሥር ነው። ከማኒፎልዱ የሚያመልጠው ጭስ በሞተሩ ክዳን ዙሪያ ወደ ውስጥ ይገባል። የሱሉልታ ጠዋት ደግሞ ብርድ ነውና መስኮት አይከፈትም። የናፍጣ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ቢያንስ ይታወቃል። የቤንዚን ሞተር በብዛት የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በጉዞ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚሰማው፣ ከወረደ በኋላም የሚሻለው ሾፌር ድካም ነው ብሎ ማለፍ የለበትም።

አሮጌውን መጥረግም የራሱ አደጋ አለው። የቆዩ ጋስኬቶች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ በደረቁ እየፋቁ አቧራውን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ሳንባን ይጎዳል። አርጥቦ መፋቅ ወጪ የለውም።

ለመለዋወጫ ነጋዴ ይህ ሁኔታ ክፍተት ነው። በሰበታ ወይም በቡራዩ የሚገኝ ሱቅ ለሃይሩፍ፣ ለአይሱዙ ኤንፒአር፣ ለኮሮላና ለቪትዝ የሚሆኑ ነጠላ የማኒፎልድ ጋስኬቶችን ቢይዝ የሚታሠርበት ካፒታል ከአንድ ሙሉ ሞተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዕቃው ቦታ አይፈጅም፣ አይበላሽም። ገዢውም መርካቶ የመሄጃውን ግማሽ ቀን ስለሚያተርፍ ጥቂት ጨምሮ ለመክፈል ምክንያት አለው። የሚያስፈልገው የሞተሩን ቁጥር እያዩ መሸጥ ነው፤ የአንድ ሞዴል መኪና ሁለት ዓይነት ሞተር ሊኖረው ይችላልና።

ለባለንብረቱ የሚበጀው ደግሞ ጋስኬቱን ብሎን ከመፈታቱ በፊት መግዛትና የእጅ ዋጋውን ለብቻ መነጋገር ነው። ማኒፎልዱ ሲወርድ ገጹ በቀጥ ያለ ብረትና በስፔሶር ይለካ፤ ከተጣመመ ወደ ሬክቲፊካ ይሂድ። ሲገጠም ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንዴ ሳይሆን በየደረጃው ይጠብቃል፤ የሞተሩ መጽሐፍ ዳግመኛ እንዲጠብቅ የሚያዝ ከሆነም ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ይደገማል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሲነሣ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካለና ሲሞቅ ከጠፋ፣ ብረቱ ሲግል ቀዳዳውን ዘጋው እንጂ አልተሠራም፤ መኪናው ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ጋራዡ ይመለስ።