ስለ ሞሪስ ኖብልና ስላዘኑለት ሰዎች

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ሞሪስ ኖብል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በካሊፎርኒያ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። ይህ ሰው ተዋናይ ስላልነበረ መልኩን አይቶ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ይሁን እንጂ እርሱ የሠራባቸውን የካርቱን ፊልሞች እየተመለከቱ ያደጉ ሰዎች መሞቱን ሲሰሙ ከልብ አዘኑ። እኔ የተወለድኩት እርሱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ራሴን ግን ዘግይቶ ከደረሰ ለቀስተኛ እቈጥራለሁ። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ባጫወትኳቸው ጊዜ «ለመሆኑ ምን ሠርቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ መጽሔት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሙያው በእንግሊዝኛ ሌይአውት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የሥፍራ ንድፍ ብንለው ይቀርባል። ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ የሚወስነው ይህ ሠራተኛ ነው። ገደሉ ምን ያህል ይርቃል? በሩ በየት በኩል ይሁን? ተመልካቹ ነገሩን ከላይ ሆኖ ይየው ወይስ ከታች? ይህ በእርሳስ ከተነደፈ በኋላ ሌላ ሠዓሊ ቀለሙን ይቀባል፤ ለኖብል ብዙ ጊዜ ይህን የሚሠራለት ፊሊፕ ደጋርድ ነበር። የሚንቀሳቀሱት ፍጥረቶች ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሴሉሎይድ ላይ ለብቻቸው ተሥለው ከበላዩ እየተነጠፉ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያልፍ የሰባት ደቂቃ ፊልም ዐሥር ሺህ ያህል ምስል አለበት ማለት ነው።

የሥፍራን ጥቅም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1953 የተሠራውን «ዳክ አመክ» ይመልከት። ዳፊ የተባለው ዳክዬ ሰይፍ ይዞ ሲገባ ከበስተኋላው ያለው ሥዕል ያልቅና ነጭ ወረቀት ብቻ ይቀራል። የገበሬ ልብስ ለብሶ ሲመለስ በረዶ ይጠብቀዋል፤ ለበረዶው ሲዘጋጅ ደግሞ ሞቃት ደሴት ይሆንበታል። ዳክዬው የሚያብደው ያለበት ሥፍራ ማን መሆን እንዳለበት አልነግረው ስላለ ነው። በእኔ አስተያየት ስለዚህ ሙያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፤ ያውም እያሣቀ!

ሮድ ራነር የምትባለዋን ወፍ የሚያሳድደው ኮዮቴም እንዲሁ ነው። ከገደል ሲወድቅ ከላይ ሆነን እናየዋለን፤ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ነጥብ ያህል ይሆንና ከታች ትንሽ አቧራ ብን ትላለች። ገደሉ ጥልቅ ባይሆን ኖሮ ማን ይሥቅ ነበር? በ1957 በተሠራውና የዋግነርን ኦፔራ በሚያሾፈው «ዋትስ ኦፔራ ዶክ» ደግሞ መጀመሪያ በቋጥኝ ላይ አስፈሪ ጥላ ይታያል፤ ኋላ የጥላው ባለቤት አጭሩ ኤልመር ሆኖ ይገኛል። ይህ ፊልም በ1992 አሜሪካ ልትጠብቃቸው በመረጠቻቸው ፊልሞች መዝገብ ገብቷል።

ኖብል ሥራውን የጀመረው በዋልት ዲዝኒ ዘንድ ነበር፤ በ1941 ከተደረገው የሠራተኞች አድማ በኋላ ከዚያ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ በውትድርና አገልግሎ በ1950ዎቹ ከዲሬክተሩ ከቸክ ጆንስ ጋራ ገጠመ፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ፊልሞች ሁሉ የሁለቱ ሥራ ናቸው።

በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟቹ ሥራ እየተነሣ ይወሳል። የኖብል ሥራ ግን ለማውሳት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ዓይን ወደ ዳክዬው እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። አንዳንድ ሰው «የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ምን ያህል ይታዘንለታል?» ሊል ይችላል። አልስማማም። ኖብል ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ በ1990ዎቹ ወጣት ሠዓልያንን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ስለዚህ ካዘኑት መካከል ተመልካቾች ብቻ ሳይሆኑ እርሳስ አያያዝ ከእርሱ የተማሩም ነበሩ። ቸክ ጆንስም ብዙ አልቆየ፤ በፌብሩዋሪ 2002 ተከተለው።

እኔ ፊልሞቹን ሳይ አልፎ አልፎ አቆምና ዳክዬውን በእጄ ሸፍኜ የቀረውን እመለከታለሁ፤ ጥቂት ድንጋይ፤ አንድ ቢጫ ሰማይ። መሞከር የሚፈልግ ሰው ቢኖር በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ከሚወጡት ስሞች መካከል የኖብልን ይፈልግ። የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንድ ስለ ሆነ ፈጠን ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።