መብራት ሲሄድ ማሽኑን ማን ይይዘዋል?

መብራት ድንገት ድርግም ሲል መጀመሪያ የምናየው ስልካችንን ነው። «ስንት ፐርሰንት ቀርቶኛል?» ቻርጅ ካለ ችግር የለም፣ ቪዲዮው ይቀጥላል። እንጨት ቤት ወይም ብረታ ብረት ቤት ለሚሠራ ልጅ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ማሽኑ ባትሪ የለውም፤ የተጠራቀመ ጉልበት ግን አለው። ያ ጉልበት ደግሞ መብራት ስለሄደ ብቻ አብሮ አይሄድም።

እስቲ ደብረ ኤልያስ ላይ አንድ እንጨት ቤት እናስብ። መጋዙ እየዞረ ሳለ መብራት ይጠፋል። ጩኸቱ ይበርዳል። ልጁ «ቆመ» ብሎ ጣውላውን ለማውጣት እጁን ይሰዳል። ጥርሱ ግን ገና እየዞረ ነው። የሚዞር ነገር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ጉልበት እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው የሚዘናጋውም በዚያች ጸጥ ባለች ሰዓት ነው።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና «ቆመ» የምትለዋን ቃል ትንሽ እንመርምራት። ሁለት ነገር ይዛለች፦ አንደኛው መሄዱን ተወ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ባለበት ጸንቶ ተያዘ ማለት ነው። ለማሽን ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ ማሽን ላይ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ሲኤንሲ ማሽን ውሰዱ። መቁረጫውን የተሸከመው ከባድ ራስ በሞተርና በረጅም ብሎን ከፍና ዝቅ ይላል። ብሎኑ በትንንሽ ኳሶች ላይ ስለሚንከባለል ሰበቃው በጣም ትንሽ ነው። ለሥራው ጥሩ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ሞተሩ ይለቃል፤ ክብደቱ ራሱ ብሎኑን ወደ ኋላ እያዞረ ይወርዳል። ከሥሩ ዕቃ ካለ ይሰበራል፤ እጅ ካለስ?

ታዲያ በኤሌክትሪክ የሚይዝ ፍሬን ብንገጥምለትስ? አይሆንም፤ መብራት ሲሄድ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። መሐንዲሶች ነገሩን ገለበጡት፦ የሚይዘው ሞላ ነው፣ የኤሌክትሪኩ ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው። ኃይል ሲኖር ማግኔት ሞላዎቹን ጨቁኖ ሳህኑን ከፍሬን ሸራው ያላቅቃል፤ ሞተሩ እንደልቡ ይዞራል። ኃይል ሲቋረጥ ማግኔቱ ይተዋል፣ ሞላዎቹ ሳህኑን ይጫኑታል፣ ዘንጉ ይያዛል። ማንም ማዘዝ የለበትም።

ይህን ብልሃት ጎጃም ውስጥ በየቀኑ እናየዋለን። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርዱት አየር ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖች የማቆሚያ ፍሬናቸው እንዲሁ ነው። ሞላውን ጨቁኖ የሚያቆየው የአየር ግፊት ነው፤ አየሩ ካለቀ ሞላው ጎማውን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ ኒውዮርክ ላይ ሊፍት ላይ ቆሞ ገመዱን በሕዝብ ፊት ያስቆረጠውም ይህንኑ ተማምኖ ነው። ገመዱ ወጥሮት የነበረው ሞላ ሲለቀቅ የጎን ሐዲዱን ነክሶ ያዘው፤ ሊፍቱ አልወደቀም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በሲኤንሲ ማሽን ላይ ያለው እንዲህ ያለ ፍሬን በዋናነት የተሠራው የቆመን ለመያዝ እንጂ የሚሮጥን ለማስቆም አይደለም። በሩጫ ላይ ደጋግሞ ከተጫነ ሸራው ያልቃል። ሩጫውን የሚያበርደው ሞተሩ ራሱ ነው፤ መብራት ቢቋረጥም እየዞረ ያለው ሞተር እንደ ጄኔሬተር ያመነጫል፣ ያመነጨው ኤሌክትሪክ በሬዚስተር ውስጥ ሙቀት ሆኖ ሲጠፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የቆመ ሞተር ግን ምንም ስለማያመነጭ ክብደት መያዝ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ይይዛል።

መብራቱ ሲመጣስ? ማብሪያው እንደበራ ከተተወ መጋዙ ማንም ሳይነካው ሊነሳ ይችላል። በኮንታክተር የሚሠራ ማስነሻ ግን መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ ሰው እንደገና ካልተጫነው አይነሳም። የምትሠሩበት ቤት የቱ እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ።

እና መብራት ሲሄድ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ማብሪያውን አጥፉ። የሚዞረው ፈጽሞ እስኪቆም በዓይናችሁ ተከታተሉት። ከተንጠለጠለ ነገር ሥር ከመግባታችሁ በፊት በጠንካራ እንጨት ደግፉት፤ ፍሬን ነውና ዘይት ሊነካው፣ ሸራው ሊያልቅ ይችላል። ጎበዝ ረዳት ዳገት ላይ መኪና ሲቆም የእጅ ፍሬን ተይዞም ቢሆን ወርዶ ታኮ ያደርጋል።

ስልካችሁን ከዚያ በኋላ እዩት።