ለትልልቅ ዓሣ የሚሆን ባለ ሽቦ ማባበያ አሠራር

(ለልማት ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

መግቢያ

በጫሞና በአባያ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ የሚገኘው ናይል ፐርች በአገራችን ከሚሰገሩት ዓሦች በትልቅነቱ የታወቀ ነው። ሲያድግ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። የአደገው ናይል ፐርች ዋነኛ ምግብ ሌሎች ዓሦች በመሆናቸው፣ ትንሽ ዓሣ መስሎ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ሊውጠው ይወረወራል። በዚህ ጽሑፍ ማባበያ የምንለው ከእንጨት በዓሣ ቅርጽ ተቀርጾ መንጠቆ የሚንጠለጠልበትን ማጥመጃ ነው።

የፋብሪካ ማባበያ ዋጋው ውድ ነው፤ በየሱቁም አይገኝም። ስለሆነም አንዳንድ አስጋሪዎች በራሳቸው ይቀርጻሉ። ይሁንና በብዙዎቹ ላይ መንጠቆው የሚያዘው እንጨቱ ላይ በተጠመዘዘ ትንሽ ባለ ቀለበት ምስማር ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ የዓሣ ማረፊያ ያየው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አንድ አስጋሪ ትልቅ ዓሣ ይዞ ከብዙ ትግል በኋላ ጀልባው አጠገብ ካደረሰው በኋላ ክሩ በድንገት ላላ። ክሩ ሲሳብ ማባበያው ተመለሰ። ክሩ አልተበጠሰም፤ እንጨቱም አልተሰበረም። ምስማሩ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ባዶ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ዓሣው ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ በአፉ ይዞ ሄደ። እንዲህ ያለው ዓሣ ለማኅበሩ ገቢ አልሆነም፤ ለሐይቁም በጤና ስለ መቅረቱ ዋስትና የለም።

1. ዋናው መመሪያ

የዓሣው ጉልበት ከመንጠቆው ተነሥቶ እስከ ክሩ ድረስ በሽቦ ብቻ ማለፍ አለበት። እንጨቱ ቅርጽና ተንሳፋፊነት ይሰጣል እንጂ ምንም ጭነት አይሸከምም። አንድ ማባበያ በትክክል መሠራቱን ለማወቅ አስጋሪው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «እንጨቱ ተሰንጥቆ ቢወድቅ ዓሣው ከክሩ ጋር ይቀራልን?» መልሱ «አይቀርም» ከሆነ ማባበያው ለትልቅ ዓሣ አይሆንም።

እንጨት በውሃ ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር በእንጨት ውስጥ የገባ ምስማር እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ሳለ ጠንካራ የመሰለ ማባበያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሊከዳ ይችላል።

2. የሽቦ ምርጫ

ተስማሚው 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) ሽቦ ነው። የሽቦ ጥንካሬ የሚለካው በወርዱ ብቻ ሳይሆን በቁርጡ ስፋት መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። የ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ቁርጥ 0.79 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን የ1.5 ሚሊ ሜትሩ 1.77 ነው። ይኸውም ውፍረቱ በግማሽ ብቻ ሲጨምር የመሸከም አቅሙ ከእጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ለግንባታ ማሰሪያ የሚያገለግለው ጥቁር ሽቦ ለስላሳ ከመሆኑም በላይ ቶሎ ይዝጋል። የመዳብና የአሉሚኒየም ሽቦ ቀለበቱ በቀላሉ ስለሚከፈት አይመከርም። የብስክሌት ጎማን የሚወጥረው ቀጭን ብረት ጠንካራ ነው፤ ሆኖም አጭርና ለመጠምዘዝ አስቸጋሪ ነው።

3. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋንዛን የመሰለ ለመቅረጽ የሚመች ደረቅ እንጨት፣ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ መጋዝ፣ ቢላዋ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለቱ ክፍል ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ማጣበቂያ (ኢፖክሲ)፣ ጥቂት እርሳስ፣ ሁለት ትንንሽ ሮንዴላ፣ የዘይት ቀለም፣ ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ ወፍራም መንጠቆዎች እና መንጠቆውን ከሽቦው ጋር የሚያያይዙ፣ እንደ ቁልፍ መያዣ ድርብ የሆኑ ጠንካራ ቀለበቶች።

4. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሀ) እንጨቱን መቅረጽ። ርዝመቱ 15፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ጅራቱ እየቀጠነ ይቀረጻል። የአፍንጫው ፊት በሰያፍ ይቆረጣል፤ የላይኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ገባ፣ የታችኛው ወደ ፊት ወጣ ይላል። በዚህ ዓይነት ሲሳብ ውሃው ፊቱን ወደ ታች ስለሚጫነው ማባበያው ይጠልቃል።

ለ) ሆዱን መሰንጠቅ። ከአፍንጫ እስከ ጅራት በሆዱ በኩል በመጋዝ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ጥልቀቱ የእንጨቱን መካከል ጥቂት አልፎ መሄድ አለበት። የሆዱ መንጠቆ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ስንጥቁ በቢላዋ ይሰፋል።

ሐ) ሽቦውን መቁረጥ። ከእንጨቱ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስበልጡ። ለ15 ሴንቲ ሜትር እንጨት 45 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ይበቃል።

መ) የጅራቱ ቀለበት። የሽቦው ጫፍ በ4 ሚሊ ሜትር ምስማር ላይ ይታጠፋል። ከዚያም ሁለቱ ሽቦዎች እኩል እየተጠማዘዙ አራት ጊዜ ይገመዳሉ። አንዱ ብቻ በሌላው ላይ ከተጠመጠመ ሲሳብ ይንሸራተታል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም ትርፉ ጫፍ በዋናው ሽቦ ላይ ተጠጋግቶ አራት ዙር ይጠመጠማል። ትርፉን በፒንሳ ከመቁረጥ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መስበር ይሻላል፤ የተቆረጠ ጫፍ ክርንም እጅንም ይቆርጣል። አንድ ጊዜ ተጠምዝዞ የተፈታ ሽቦ ውስጡ ስለሚደክም እንደገና አይሠራበትም።

ሠ) የሆዱ ቀለበት። ሽቦው ሳይቆረጥ በተመደበለት ቦታ ወደ ታች ታጥፎ፣ በምስማሩ ላይ ዞሮ ይመለሳል፤ ሁለቱ እግሮችም ሁለት ሙሉ ዙር እርስ በርስ ይገመዳሉ። ስለዚህ የሆዱም መንጠቆ በዚያው በአንዱ ሽቦ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ረ) ማስገባትና መዝጋት። በጅራቱ በኩል አንድ ሮንዴላ ከገባ በኋላ ሽቦው በስንጥቁ ውስጥ እስከ መካከሉ ይቀመጣል። በአፍንጫው በኩል ሁለተኛው ሮንዴላ ይገባና የፊቱ ቀለበት በፊደል «መ» እንደተገለጸው ይሠራል። መንጠቆዎቹ ተንጠልጥለው ማባበያው በባልዲ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ሆዱ ወደ ታች እስኪሆን ድረስ በስንጥቁ ትንንሽ የእርሳስ ቁራጮች ይጨመሩ። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ በምግብ ዕቃ አይቅለጥ፤ ቀዝቃዛውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማስገባት ይበቃል፤ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ሚዛኑ ሲስተካከል ስንጥቁ በማጣበቂያና በመጋዝ ብናኝ ይሞላል። ለ24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና ሁለት ጊዜ ቀለም ይቀባል።

5. የጥንካሬ ፍተሻ

ማባበያ በሐይቅ ላይ ሳይሆን በዛፍ ሥር ይፈተናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። መመሪያው ማባበያው ከክሩ ሁለት እጥፍ ይሸከም የሚል ነው። ስለዚህ በ20 ኪሎ ግራም ለሚበጠስ ክር ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያ አንድ ናሙና ሽቦ ያለ እንጨት ሦስቱም ቀለበቶች ተሠርተውለት ይፈተን። ከዚያም የተጠናቀቀው ማባበያ በፊቱ ቀለበት ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ጀሪካኖቹ መጀመሪያ ከጅራቱ፣ ቀጥሎ ከሆዱ መንጠቆ ላይ በገመድ ለ10 ደቂቃ ይንጠለጠላሉ። ቀለበቱ ከረዘመ፣ ጥምጥሙ ከተንሸራተተ ወይም መንጠቆው ከተከፈተ ማባበያው አያገለግልም። በፍተሻው ጊዜ ማንም ሰው ከሥሩ አይቁም።

6. አጠቃቀም

ማባበያው ሲሳብ ወደ ግራ ካደላ የፊቱን ቀለበት በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ካደላ ወደ ግራ ያጥፉት። የናይል ፐርች ጥርስ ክር የሚቆርጥ አይደለም፤ የጉንጩ ክዳን ጠርዝ ግን ስለት አለው። ስለዚህ ከማባበያው በላይ ያለው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር ወፍራም ይሁን። በጫሞና በአባያ ታይገር ፊሽ የሚባለው ባለ ሹል ጥርስ ዓሣም ስላለ፣ በእርሱ አካባቢ 30 ሴንቲ ሜትር የሽቦ መቀጠያ ያስፈልጋል።

ክሩን በእጅ ወይም በወገብ ላይ መጠምጠም ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። በአዞና በጉማሬ ምክንያት ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድ ክልክል ነው ተብሎ ለአባላት ይነገር።

7. ለማኅበራት ማሳሰቢያ

ጠንካራ ማባበያ ብዙ ለማጥመድ የታሰበ አይደለም። በጫሞ ሐይቅ የናይል ፐርች ቁጥር ከመጠን በላይ በመሰገሩ ቀንሷል። ከዚህም ሌላ እጅግ ትልልቆቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ትልቅ ሴት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች። ማባበያ ከመረብ የሚሻልበት ምክንያት ዓሣውን አንድ በአንድ ስለሚይዝና የሚያዘውንና የሚለቀቀውን ለመምረጥ ስለሚያስችል ነው። ለዚህም ሲባል የመንጠቆው ጫፍ ላይ ያለው እሾህ በፒንሳ ቢደፈጠጥ የሚለቀቀው ዓሣ ሳይጎዳ ይሄዳል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 እና በክልሉ ሕግ መሠረት አስፈላጊው ፈቃድ መያዙንም የማኅበሩ አመራር ያረጋግጥ።

የልማት ሠራተኛው ይህን ሥራ በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ አንድ ማባበያ በአባላት ፊት ሠርቶ፣ ሁለቱን ጀሪካን አንጠልጥሎ ቢያሳይ ትምህርቱ ይበልጥ ይጨበጣል። የማይችለውን ማባበያ ዛፉ ሥር ማወቅ ዓሣውን ጀልባው አጠገብ ከማጣት ይሻላል።