ያልበሉበት ምግብ ቤት በስቴትመንት ላይ

በካርቱም ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለችው ቡሪ የባንክ ካርድ ሰፈር አልነበረችም። የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም ሱዳን ላይ በመጽናቱ ቪዛና ማስተርካርድ እዚያ አይሠሩም ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ዶላሩን በኪሱ ይዞ ይገባ ነበር። ነዋሪው በጥሬ ገንዘብ፣ በኋላ ደግሞ በካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ በ«ባንካክ» መክፈል ለመደ። ምሳውን የበላ ሰው ሂሳቡን ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት የባንክ ሂሳብ ያስተላልፍና «ኢሽዓሩን»፣ ማለትም የመላኪያ ማረጋገጫውን፣ ከስልኩ ላይ ያሳያል። ማረጋገጫው ላይ የሚነበበው ብዙ ጊዜ የሰው ስም ነው፤ ገንዘቡ ማን እጅ እንደገባ ይታወቃል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ አበሾች ተበተኑ፤ አንዳንዶቹም በሄዱበት አገር የባንክ ካርድ ተሰጣቸው። በካርድ ስቴትመንት ላይ ደግሞ የሰው ስም የለም። አንድ ቀን ረግጠውት የማያውቁት ምግብ ቤት ስም ይመጣል፤ ልብ ይደነግጣል።

ከመደንገጥ በፊት የስቴትመንቱ መስመር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበጃል። በቪዛ መረብ ለነጋዴው ስም 25፣ ለከተማው 13፣ ለአገሩ 2 ፊደል ብቻ ይመደባል፤ ረጅም ስም ተቆርጦ ይቀራል። የሚጻፈውም ነጋዴው በባንክ የተመዘገበበት ስም እንጂ በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ ላይሆን ይችላል። ሦስት ምግብ ቤት ያለው ድርጅት ሦስቱንም በአንድ የኩባንያ ስም ሊያስገባ ይችላል። ከተማውም ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ከስሙ በፊት «ኤስ ኪው» ከነኮከብ ምልክቱ ካያችሁ ስኩዌር፣ «ቲ ኤስ ቲ» ካያችሁ ቶስት የተባሉት የክፍያ ድርጅቶች ናቸው፤ የምግብ ቤቱ ስም ከኮከቡ ቀጥሎ ይመጣል።

ከስሙ ጀርባ ባለአራት አሃዝ የንግድ ዓይነት ቁጥር አለ፦ 5812 ምግብ ቤት፣ 5814 ፈጣን ምግብ፣ 5813 መጠጥ ቤት። ስቴትመንቱ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ባንኩ ግን ያውቀዋል፣ ጠይቁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በገንዘቡ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ካርዱ ሲነካ የሚያዘው ጉርሻ ያልተጨመረበት ሂሳብ ነው፤ ጉርሻው ተደምሮ የሚወራረደው በኋላ ነው። ስለዚህ የስልክ መልእክቱና ስቴትመንቱ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ቀኑም እንዲሁ፦ ቅዳሜ ማታ የተበላ እራት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊመዘገብ ይችላል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ከስሙ ይልቅ ገንዘቡንና ከተመዘገበበት ቀን በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት ተመልከቱ። በዚያው ካርድ የሚጠቀም የቤተሰብ ሰው ካለ ጠይቁ፤ ብዙ «ሌባ» የተገኘው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ምግብ በስልክ አዝዛችሁ ከነበረም የትእዛዝ ታሪካችሁን አገላብጡ። ይህ ሁሉ ካልፈታው ካርዱን አሳግዱና ባንኩ ዘንድ ተቃውሞ አስገቡ። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የተሰረቀ ካርድ የሚሞከረው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ሂሳብ ነው። ለክሬዲት ካርድ የአሜሪካ ሕግ የሚሰጠው የጽሑፍ ተቃውሞ ጊዜ ስህተቱ ያለበት ስቴትመንት ከተላከበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው።