«ካሸር1» ማን ነው? ሠራተኛን በርቀት ሰርቨር መቆጣጠርና የነጋዴው ሒሳብ

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ዋና መሥሪያ ቤቱ መርካቶ፣ ቅርንጫፎቹ ሐዋሳና ድሬዳዋ የሆነ የግንባታ ዕቃ አስመጪ አለ እንበል። የሒሳብ ፕሮግራሙ የተጫነው መርካቶ ባለው አንድ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ የቅርንጫፍ ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ እየገቡ ሽያጫቸውን ይመዘግባሉ። በወሩ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ የ186,000 ብር ቆርቆሮ ጎደለ። ኮምፒዩተሩ ዕቃው መጋዘን አለ ይላል፤ መጋዘኑ ግን ባዶ ነው። ጉዳዩ ሲመረመር የሽያጩ ደረሰኝ ከሒሳቡ ተሰርዞ ተገኘ።

የኮምፒዩተር ባለሙያው የፕሮግራሙን የለውጥ መዝገብ ከፍቶ አንድ መስመር አወጣ፤ «ካሸር1፣ 07:42» ይላል። ባለሀብቱ ብዙም አላሰቡም። 7 ሰዓት ከ42 የምሳ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሐዋሳ ሱቅ ውስጥ ብቻዋን የምትቀመጠው አንዲት ካሸር ናት። የስንብት ደብዳቤው የዚያኑ ዕለት ማታ ተጻፈ።

ይሁንና ስሌቱ ከሁለት ቦታ ተሳስቷል። አንደኛ፣ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በእሱ 07:42 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ42 ነው፤ የሐዋሳው ሱቅ ገና አልተከፈተም። ሁለተኛ፣ «ካሸር1» የአንድ ሰው ስም አይደለም። ሐዋሳ ያሉ ሁለት ካሸሮችና መርካቶ ያለ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል ይገቡበታል። ባለሀብቱ በእጃቸው ያለው ማስረጃ ማን እንደሰረዘ አይናገርም። አንዲት ሠራተኛ ግን እንጀራዋን ልታጣበት ነው።

ምሳሌው የተፈጠረ ነው፤ ሁለቱ ስህተቶች ግን ሰርቨር ባለው በማንኛውም ድርጅት ውስጥ ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው። በቅርንጫፍ የሚሠራ ነጋዴ ሁሉ ሠራተኞቹን ከሩቅ መቆጣጠር ይፈልጋል። ጥያቄው ምኑን ነው የሚቆጣጠረው የሚለው ነው።

ሩቅ ያለ ጠረጴዛ

ሪሞት ዴስክቶፕ አዲስ ነገር አይደለም። ሲትሪክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዊንፍሬም» የሚለውን ምርቱን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የ«ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0» ተርሚናል ሰርቨርን አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙም መረጃውም ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ በመስመሩ የሚመላለሱት የስክሪኑ ምስል፣ የቁልፍ ምትና የማውዝ እንቅስቃሴ ናቸው።

ለእኛ አገር ነጋዴ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም በደካማ መስመር ፋይሉን ከከተማ ከተማ እያመላለሰ ቢሠራ ይንቀራፈፋል፣ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ባለቤቱም የሦስቱን ቅርንጫፍ ሽያጭ በአንድ መዝገብ ያያል።

ጥቅሙ ግን ዋጋ አለው። ሁሉም ነገር በአንድ ቤት ሲቀመጥ የቤቱን ቁልፍ ማን እንደያዘ ማወቅ የግድ ይሆናል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ ቁልፉን ለሦስት ሰው ያደለ ባለቤት ግን አጥሩን ራሱ አፍርሶታል።

የፈረንሳዩን ባንክ ሶስዬቴ ዤኔራልን እናስታውስ። ባንኩ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 በአንድ ነጋዴ ሠራተኛው ያልተፈቀደ ግብይት ምክንያት 4.9 ቢሊዮን ዩሮ መክሰሩን ይፋ አድርጓል። ባንኩ በወቅቱ እንዳስታወቀው፣ ሠራተኛው ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ የሥራ ባልደረቦቹን የመግቢያ ኮድ መጠቀም ነበር። እንዲህ ያለ ባንክ በጋራ ቁልፍ ከተጎዳ፣ የመርካቶ አስመጪ የሚተማመንበት ነገር የለውም።

መዝገቡ የሚያውቀውና የማያውቀው

ብዙ ባለሀብት የማያውቀው ነገር አለ። የዊንዶውስ ሰርቨር ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ የገቢና የወጪ መዝገብ ይይዛል። «ሎካል ሴሽን ማናጀር» በሚባለው መዝገብ ውስጥ ቁጥር 21 ሠራተኛው መግባቱን፣ 23 በሥርዓት መውጣቱን፣ 24 ግንኙነቱ መቋረጡን፣ 25 ደግሞ ተመልሶ መገናኘቱን ያሳያል። ቁጥር 21 እና 25 የተጠቃሚውን ስም ብቻ ሳይሆን የመጣበትን ኮምፒዩተር የኔትወርክ አድራሻም ይጽፋሉ። አንድ ሰው የደኅንነት መዝገቡን ሊደመስስ ቢሞክር፣ መደምሰሱ ራሱ በቁጥር 1102 ይመዘገባል። ባለሙያውን እነዚህን ቁጥሮች ጠቅሶ መጠየቅ የሚችል ባለቤት ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

የመዝገቡን ድክመትም ማወቅ ያሻል። ሠራተኛው መስኮቱን በ«ኤክስ» ምልክቱ ቢዘጋው ወጣ ማለት አይደለም፤ ግንኙነቱ ተቋረጠ እንጂ ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከገባበት እስከ ወጣበት ያለውን ሰዓት ደምሮ «ይህ ሠራተኛ 14 ሰዓት ሠራ» የሚል ሪፖርት ውሸት ነው። በተቃራኒው መብራት ወይም ኔትወርክ በቀን ስድስት ጊዜ ከሄደ መዝገቡ ስድስት ጊዜ «ተቋረጠ፣ ተመለሰ» ይላል። ነገሩን ያልተረዳ አለቃ ልጁ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም ብሎ ይደመድማል፤ የሄደው ግን መብራቱ ነው።

ሌላም አለ። ማን የትኛውን ፋይል ከፈተ የሚለው ቁጥጥር አስቀድሞ ካልተከፈተ በቀር አይመዘገብም። በሒሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ የተሰረዘ ደረሰኝም በዊንዶውስ መዝገብ አይገኝም፤ እሱን የሚናገረው ፕሮግራሙ ራሱ የሚይዘው የለውጥ መዝገብ ነው። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ ብቻ ነው ነገሩ የሚገጥመው። አንዱ ምን እንደተደረገ ይናገራል፣ ሌላው ከየት እንደተገባ ይናገራል።

ከሁሉም የሚከፋው መዝገቡ የተወሰነ መጠን ያለው መሆኑ ነው። ባለሙያው ካልለወጠው በቀር ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። በምሳሌያችን ደረሰኙ የተሰረዘው ከቆጠራው ሦስት ሳምንት በፊት ነበር እንበል። የዚያን ዕለት ጠዋት «ካሸር1» ከመርካቶ ይሁን ከሐዋሳ መግባቱን የሚያሳየው መስመር ያን ጊዜ ነበረ፤ አሁን ግን ጠፍቷል። የ186,000 ብሩ ባለቤት በስሙ የሚጠራው ሰው የለም።

ጣት የሚቆጥር አለቃ

እዚህ ላይ አንዳንድ ባለሀብት «እንግዲያው ሁሉን የሚያይ ፕሮግራም ልግዛ» ይላል። ስክሪኑን በየደቂቃው ፎቶ የሚያነሳ፣ የቁልፍ ምት የሚቆጥር፣ ማን ስንት ደቂቃ እንደቦዘነ የሚደምር ሶፍትዌር በገበያው ሞልቷል። የሌሎች አገሮች ልምድ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

የእንግሊዙ ባርክሌይስ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በጠረጴዛቸው ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ የሚከታተል ፕሮግራም ሞክሮ ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣና ነቀፋ ሲበዛበት እያንዳንዱን ሠራተኛ መከታተሉን ትቶታል። በአሜሪካ ደግሞ ዌልስ ፋርጎ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሥር የሚበልጡ ሠራተኞችን አሰናብቷል። ምክንያቱ የኪቦርድ እንቅስቃሴ አስመስለው በመፍጠር ሥራ ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር የሚል ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የቁልፍ ምት የሚቆጥር አለቃ የሚያገኘው የቁልፍ ምት ነው። ማውዝ የሚያንቀጠቅጥ ርካሽ መሣሪያ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። የካሸር ሥራ የሚለካው በተመዘገበ ደረሰኝ፣ በተስተካከለ የዕለት ሒሳብና በቆጠራ ልዩነት እንጂ በጣት ፍጥነት አይደለም። እነዚህ መለኪያዎች ደግሞ ነጋዴው መዝገብ ውስጥ ቀድሞውኑ አሉ።

ችሎት ፊት ሲቀርብ

ቁጥጥሩ ሕግም አለው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 በአንድ ሩማንያዊ ሠራተኛ ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ሰውየው በሥራ ቦታ ለግል ጉዳይ መልእክት ተለዋውጠሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሥራ የተባረረ ነው። ችሎቱ በ11 ለ6 ድምፅ የግል ሕይወቱ መብት እንዳልተጠበቀለት ወሰነ። ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ሠራተኛው ስለቁጥጥሩ ዓይነትና መጠን አስቀድሞ ተነግሮታል ወይ የሚለው ነው።

ይህ ውሳኔ የእኛን ፍርድ ቤቶች አይገዛም፤ አስተሳሰቡ ግን በራሳችን ሕግ ውስጥም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ለተወሰነና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሳይሆን እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የካሸሯን የግል መልእክት ጭምር ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም የጫነ ድርጅት ለምን እንደጫነው መልስ ሊኖረው ይገባል።

ጊዜም ይቆጥራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚቀርበው ማስረጃ «ካሸር1» የሚል የጋራ ስም ብቻ ከሆነ የሠራተኛዋ ጠበቃ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እሷ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አላችሁ?»

ወጪና ትርፍ

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? ከፍ ያለ ወጪ የማይጠይቁትን እናስቀድም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው፤ ሠራተኛው ሲለቅ ስሙ የዚያኑ ዕለት ይዘጋ። የመዝገቡ መጠን ይስፋ፤ በየሳምንቱም የኮምፒዩተር ባለሙያው ራሱ ሊሰርዘው ወደማይችልበት ቦታ ይገልበጥ። የተቋረጠ ግንኙነት ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በራሱ እንዲዘጋ ይደረግ። ከሰርቨሩ ወደ ሠራተኛው ኮምፒዩተር ፋይል መገልበጥ ለሥራው ካላስፈለገ ይከልከል፤ የደንበኞች ዝርዝር በፍላሽ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ሪፖርቱ ለባለቤቱ ሲቀርብ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀይሮ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ይጻፍበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ምን እንደሚመዘገብ ለሠራተኛው በጽሑፍ ይነገረውና ይፈርምበት።

ገንዘብ የሚጠይቀው ፈቃዱ ነው። ማይክሮሶፍት ለአስተዳደር ሥራ ከሚፈቅዳቸው ሁለት ግንኙነቶች በላይ ለሚገባ ሠራተኛ ወይም መሣሪያ የተለየ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ 120 ቀን ነው። አንዳንድ ድርጅት ስሙን ለሦስት ሰው የሚያጋራው ወጪ ቀነስኩ ብሎ ነው። በምሳሌያችን ያ ቁጠባ የ186,000 ብር ጉድለትን ባለቤት አሳጥቶታል።

ድርጅት ለመግዛት ወይም አክሲዮን ለመያዝ የሚያስብ ባለገንዘብም ከሒሳብ ሪፖርቱ ሌላ አንድ ጥያቄ ቢጨምር አይጎዳም። ስንት ሠራተኛ፣ ስንት የመግቢያ ስም አለ? ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ሒሳቡን የጻፈው ማን እንደሆነ ድርጅቱ ራሱ አያውቅም ማለት ነው።

ወደ ሐዋሳዋ ካሸር እንመለስ። የስንብት ደብዳቤው ገና አልተሰጣት ከሆነ ባለሀብቱ ቀድደው ቢጥሉት ይሻላል። የ186,000 ብሩን ሌባ በዚያ መዝገብ አያገኙትም። ከዛሬ ጀምሮ «ካሸር1»ን ዘግተው ለሦስቱም ሠራተኞች የየራሳቸውን ስም ቢሰጡ ግን የሚቀጥለው ደረሰኝ ሲሰረዝ የሰረዘውን ያውቁታል፤ ያልሰረዘውንም አያባርሩም።