ዓለም ከተማ፣ ኤፌሶንና ሞፈር ውሃ፦ የሰሜን ሸዋ ደጋ ስሞች

የቦታ ስም አስቂኝ ወይም እንግዳ ሆኖ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ስሙን ያወጡት ሰዎች ሊያስቁ ፈልገው ሳይሆን፣ ሰሚው ስሙ ከበቀለበት ኑሮ ርቆ ስለሚሰማው ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋዎች፣ ከደጋዎቹም በታች ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ቆላ ውስጥ በእርሻ ዕቃ የተጠራ ወንዝ፣ በሣር የተጠራ ተራራ፣ የገበያ ቀን ስም የወጣለት ከተማ፣ የሐዋርያት ሥራ የሚያወሳቸውን ከተሞች ስም የያዘ ወረዳ፣ «ዓለም» የተባለ ከተማም ይገኛል። እነዚህ ስሞች ለውጭ ሰው የሚያስደንቁትን ያህል ለባለአገሩ የዕለት ተዕለት ቃላት በመሆናቸው፣ ምን እንደሚናገሩ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ዓለም ከተማ ይባላል። ስሙ በባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ሲገለበጥ ምድርን በሙሉ የሚወክል ታላቅ ከተማ የተጠራ ይመስላል፤ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ ማዶ በአምባ ላይ ለተቀመጠ ከተማ ይህ የተጋነነ ሆኖ ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪው ግን «ዓለም» ሲባል ከምድር ስፋት በተጨማሪ ደስታን፣ ድግስንና ምቾትን ይሰማል፤ «ዓለሙን አየ» የሚባለው መልካም ቀን ለወጣለት ሰው ነው። «ከተማ» የሚለው ቃልም በቀድሞው አጠቃቀሙ የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሰፈር፣ ጦር የከተመበት ቦታ ማለት ስለነበር፣ የዛሬው ሰው ከሕንጻና ከመንገድ ጋር የሚያያይዘውን ትርጉም ያገኘው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ስሙ ለባለአገሩ ጆሮ የሚያሰማው ትምክሕትን ሳይሆን የደስታ መንደርን ነው። ከተማዋ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙኒክ አቅራቢያ ከምትገኘው ፋተርሽቴተን ከተባለች የጀርመን ከተማ ጋር የወዳጅነት ግንኙነት ስላላት፣ ስሟ ከሸዋ ርቆም ይጠራል።

መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይታወቃል፤ የዛሬዎቹ የወረዳ ስሞችም ይህንኑ አከፋፈል በአብዛኛው ጠብቀው ቆይተዋል። በአካባቢው ትውፊት ማማ፣ ላሎና ጌራ የአቅኚ አባቶች ስሞች ናቸው፤ አቅኚ አባት የሚባለውም ጠፍ መሬትን መጀመሪያ ያቀናና ለዘሩ ርስት ያወረሰ ሰው ነው። ሆኖም ትውፊቱን ያልሰማ አንባቢ «ማማ ምድር» ሲባል የሚመጣበት ሌላ ነው፤ አውሮፓዊው እናቱን ያስባል፣ የቆላው ገበሬ ደግሞ ወፍና ዝንጀሮ ለመጠበቅ በማሳ መካከል የሚሠራውን ከፍ ያለ መቆሚያ። ቀዳሚ ሰውን በምድር ስም ማቆየት የብዙ ሕዝቦች ልማድ ነው። በኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ አንድን ኮረብታ የሚጠራበት ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ 85 ፊደላት ይፈጃል፤ ስሙ ታማቴአ የተባለ ጉልበተ ትልቅ ተራራ ወጪና አገር ዟሪ ሰው ለሚወዳት በአፍንጫ የሚነፋ ዋሽንት የተጫወተበት ቦታ መሆኑን ይተርካል። መንዝ ይህን ሁሉ ታሪክ በሁለት ቃላት ከትቶ ዝርዝሩን ለሽማግሌዎች አፍ ትቶታል፤ የሽማግሌዎቹ ቃል ሲጠፋ ከስሙ የሚቀረው ድምፅ ብቻ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመንዝ ወሰኖች በብዛት ወንዞች ሲሆኑ፣ በደቡብ በኩል የሚጠቀሰው የሞፈር ውሃ ነው። ሞፈር፣ በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሰው ማስረዳት ባያስፈልግም፣ ቀንበርን ከማረሻው ጋር የሚያያይዘው ረጅም እንጨት ነው። ወንዝን «ውሃ» ብሎ መጥራትም ያገሩ ልማድ ነው፤ ሐዋሳ አጠገብ የሚገኘው ጥቁር ውሃ ለዚህ ይጠቀሳል። በኖርዌይ በአንድ ፊደል ብቻ የሚጻፍ «ኦ» የሚባል መንደር አለ፤ ትርጉሙ ወንዝ ወይም ጅረት ሲሆን፣ ጎብኚዎች ከምልክቱ ሥር ፎቶግራፍ ለመነሣት ይሄዱበታል። ሞፈር ውሃ ከዚያ የሚያንስ ስም አይደለም፤ ምልክት የሚያቆምለት ስላልተገኘ ብቻ ነው ያልታወቀው።

ከመንዝ ስሞች ሁሉ በይዘቱ የሚበልጠው ምናልባት ጓሳ ነው። ጓሳ በመጀመሪያ የሣር ስም ነው፤ ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው ውርጫማ ደጋ የሚበቅለው ይህ ጠንካራ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ገሳ ለሚባለው የዝናብ መከላከያ ልብስ ያገለግላል። ቦታው በሣሩ ስም መጠራቱ ነዋሪው ከሁሉ አስበልጦ ምን ይመለከት እንደነበር ያሳያል፤ ተራራው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ብዙ ምንጮች የሚፈልቁበት ሆኖ ሳለ ስም የሰጠው ጣራ የሚከድነው ሣር ነው። ነዋሪዎቹም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ጠብቀዋል። ይህ ቄሮ፣ በአፋን ኦሮሞ ወጣትን ከሚያመለክተውና በቅርብ ዓመታት በሰፊው ከታወቀው ቃል ጋር በድምፅ ቢገጥምም ሌላ ነገር ነው፤ መሬቱ ለበርካታ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ተከልሎ ከቆየ በኋላ የአቅኚ አባቶቹ ዘሮች በተወሰነ ጊዜ ገብተው እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ደንብ ነው። መሬት ለአራሹ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ዛሬ ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና «ሰምና ወርቅ» በሚለው አርእስት በሚታወቀው መጽሐፉ የመንዝን ሕይወት ለውጭው ዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ይህን ከመሬቱና ከአባቶቹ ጋር የተሳሰረ ማንነት በሰፊው አስረድቷል።

ሌላው የስም ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመንዝ ወረዳዎች አንዱ መንዝ ቀያ ገብርኤል ይባላል፤ ቀያ ሰው የሰፈረበት መኖሪያ ቦታ በመሆኑ፣ ስሙ አገሩንና ታቦቱን በአንድነት ይጠራል። በዌልስ የሚገኝና በላቲን ፊደል ሲጻፍ 58 ፊደላት የሚፈጅ አንድ የመንደር ስም አለ፤ ሲተረጎምም ቅድስት ማርያም በነጩ የሐዘል ዛፍ ጎድጓዳ፣ በፈጣኑ አዙሪት አጠገብ፣ በቀይ ዋሻ ካለው ከቅዱስ ቲሲልዮ ቤተ ክርስቲያን ጎን እንደማለት ነው። ዓለም በርዝመቱ የሚስቅበት ይህ ስም በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የባቡር መንገደኛን ለመሳብ ሆን ተብሎ የተራዘመ ነው፤ ነገር ግን አወቃቀሩ ለሸዋ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ማርያምና ገብርኤል በየቀበሌው ስላሉ፣ የትኛዋ ማርያም እንደሆነች ለመለየት ወንዙን፣ ገደሉን ወይም ዋሻውን ማስቀደም ግድ ይላል።

ከጣርማ በር ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ደግሞ አገሩ መጽሐፍ ቅዱስ ይሆናል። ከበሩ ሥር ደብረ ሲና ትገኛለች፤ ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ሲሆን፣ ገዳማት በተራራ ላይ ስለሚሠሩ ገዳምንም ያመለክታል። ወደ ሰሜን ሲጓዙ ኤፍራታ ይገኛል፤ ይህም በኦሪት ዘፍጥረትና በትንቢተ ሚክያስ የቤተ ልሔም ሌላ ስም ነው። የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ አጣዬ ኤፌሶን ተብላም ትጠራ ነበር፤ ኤፌሶን ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት፣ ፍርስራሿ ዛሬ በቱርክ ምዕራብ የሚገኝ ከተማ ናት። ከዚያም ወዲያ አንጾኪያ አለች፤ የሐዋርያት ሥራ እንደሚለው ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉባትን በጥንቷ ሶርያ የነበረችውን፣ ዛሬ በቱርክ የምትገኘውን ከተማ ስም የያዘች። ሲናን፣ ቤተ ልሔምን፣ ኤፌሶንንና አንጾኪያን በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ማዳረስ የሚቻለው በሰሜን ሸዋ ነው።

ይህ አሰያየም የቅርብ ጊዜ ፋሽን አይደለም። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው ዐረብ ፈቂህ በ1531 እ.ኤ.አ. አንጡኪያ በሚባል ቦታ የተደረገ ጦርነትን ስለሚያወሳ፣ አንጾኪያ የሚለው ስም ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ላሊበላ ውስጥ ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታና ደብረ ዘይት የሚባሉ ቦታዎች መኖራቸው፣ ደብረ ሊባኖስና ደብረ ታቦርም ከዚያው ልማድ መቀዳታቸው፣ ኢየሩሳሌም ደርሶ ለመመለስ የማይችል ምእመን ቅድስት አገርን በራሱ ምድር ላይ ያነብ እንደነበር ያስረዳል። ደብረ ብርሃን ግን ከዚህ ትለያለች፤ ስሟ ከመጽሐፍ የተወሰደ ሳይሆን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለ ብርሃን የመጣ ነው፤ አንዳንድ ጸሐፍትም ያን ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ስሞቹን ካየናቸው ዘንድ በዚያው በአንጾኪያ ቆላ ያለችውን ማጀቴን ማለፍ አይገባም። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ በስሟ ውስጥ ማጀትን፣ እህልና ዕቃ የሚቀመጥበትን የቤት ጓዳ ይሰማል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የተባለው አደጋ ሲደርስ ማጀቴ ፈርሳለች። በታሪኳ ደጋግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ያጠቃት የቱርኳ አንጾኪያም በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ክፉኛ ተጎድታለች፤ ስም የተጋሩት ሁለቱ አገሮች ሁለቱም መሬት በሚሰነጠቅበት መስመር አጠገብ መገኘታቸው የስም አውጪዎቹ ሐሳብ አልነበረም።

የገበያ ቀን ስምም ከዚህ መንገድ አይርቅም። ሸዋ ሮቢት ከሮብ ጋር ትያያዛለች፤ «ሸዋ» የሚለው መጨመሩ በቆቦ በኩልና በባሕር ዳር አቅራቢያ ካሉት ሮቢቶች ይለያታል። በእሑድ ገበያዋ የምትታወቀው ሰንበቴ፣ በደቡብ ጎንደር ደግሞ ሐሙሲት ከዚሁ ወገን ናቸው።

በአስተዳደር ስም በኩል ሰሜን ሸዋን ከሌላው አገር የሚለያት አንዲት «ና» ናት። ሞረትና ጅሩ፣ ሲያደብርና ዋዩ፣ አንጎለላና ጠራ፣ ሞጃና ወደራ፣ ኤፍራታና ግድም፣ አንጾኪያና ገምዛ፣ ሀገረ ማርያምና ከሰም፣ ምንጃርና ሸንኮራ፤ እነዚህ ሁሉ በቀድሞው ዘመን ለየብቻ ይታወቁ የነበሩ አገሮች በአንድ ወረዳ ሲጠቃለሉ የተፈጠሩ ጥንድ ስሞች ናቸው። ዓለም በዚህ ዓይነት አሰያየም ቦስኒያና ሄርዞጎቪናን፣ ትሪኒዳድና ቶባጎን ያውቃል፤ ነገር ግን በአንድ ዞን ውስጥ ይህን ያህል ጥንድ ስም ማግኘት ያስደንቃል። ስሞቹ በላቲን ፊደል ሲጻፉ «ና» ከመጀመሪያው ቃል ጋር ስለሚጣበቅ፣ የውጭ አንባቢ «ሞረትና» የሚባል አንድ ቦታ ያለ ይመስለዋል። ከሁሉም የሚያደናግረው ባሶና ወራና ነው፤ የመጀመሪያው «ና» አያያዥ ሲሆን የመጨረሻው ግን የወራና የራሱ ክፍል በመሆኑ፣ ሁለቱን ለመለየት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህች «ና» ልትናቅ አይገባም፤ ጅሩን በሞረት፣ ወይም ግድምን በኤፍራታ ውስጥ ሳትደመስስ ሁለቱንም በስማቸው ያቆየች እሷ ናት።

ከሰሜን ሸዋ ወጣ ብለን ወደ አዲስ አበባ ከተሻገርን፣ ከተማዋ የራሷ ሰፊ መዝገብ ያላት በመሆኑ እዚህ ማንሣት የሚቻለው ጥቂቱን ነው። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሰሚውን ወዲያው ጥያቄ ያስጠይቃሉ። ሰባራ ባቡር በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ካመጣው የመንገድ መዳመጫ ሞተር ጋር ሲያያዝ፣ ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕፃረ ቃል የቀረ ነው።

ስሞች በሰው ፈቃድ ይለወጣሉም። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት የምትገኝ፣ ስሟ ፍል ውሃ የነበረ አንዲት ከተማ በ1950 እ.ኤ.አ. የአንድ የራዲዮ ጥያቄና መልስ ዝግጅትን ስም ወርሳ ዛሬ «እውነት ወይም ውጤቱ» እንደማለት ትጠራለች። በኦስትሪያ ደግሞ ስሙ ከእንግሊዝኛ ጸያፍ ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ጎብኚዎች ምልክቱን እየነቀሉ ያስቸገሩት አንድ ትንሽ መንደር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙን ለመለወጥ ተገዷል፤ ለዘመናት ማንንም ሳያስቅ የኖረ ስም በባዕድ ሳቅ ምክንያት መጥፋቱ የሚያሳዝን ነው። በሰሜን ሸዋ ስም የሚጠፋው ግን በዝምታ ነው። በ1967 ዓ.ም. ከተጀመረው የቀበሌ አደረጃጀት ወዲህ በየከተማው 01፣ 02 የሚሉ ቁጥሮች የሰፈር ስሞችን ቦታ ወስደዋል፤ ከቀበሌ በታች ያሉት የጎጥ፣ የሸንተረር፣ የምንጭና የማሳ ስሞች ደግሞ በየትኛውም ካርታ ላይ ሳይወጡ በሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ይኖራሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞችን አጻጻፍ ስለማስተካከል የመጀመሪያውን ጉባኤ በጄኔቫ ያካሄደው በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከመርሖቹ አንዱ ስም በባለቤቱ ሕዝብ አነጋገር እንዲመዘገብ ነው። ለሰሜን ሸዋ ይህ ማለት ስሙን በመጀመሪያ በፊደል፣ ከዚያ በኋላ በላቲን መጻፍ ማለት ነው፤ መርሐ ቤቴ በየካርታው በተለያየ አጻጻፍ የሚገኘው ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። ፊደሉም ብቻውን አይበቃም። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ፣ «ገና» የልደት በዓል ይሁን ወይም «እስካሁን አይደለም» ለማለት የሚነገረው ቃል ከጽሑፉ ብቻ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ የአንድ ጎጥ ስም የት እንደሚጠብቅ ካልተመዘገበ ትርጉሙ አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም መዝጋቢው ከጽሑፉ ጋር የነዋሪውን ድምፅ መቅዳት፣ ስሙ ከምን እንደመጣ የሚነገሩትን ትረካዎች አንዱን ብቻ ሳይመርጥ ሁሉንም መያዝና ቦታውን ከነከፍታው ማመልከት ይኖርበታል፤ ሥራው በየወረዳው ያሉ መምህራንና የደብር አለቆች ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሊጀምሩት የሚችሉት ነው።